አባባ ያለፉት ፈተና

ሮብ ገበያ አጠገብ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጾሙን እንዴት ይዘውታል? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ከጮቄ በኩል የሚወርደው ብርድ ዘንድሮ አልለቀቀንም። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። ላሚቱ ወልዳለች፤ ወንድ ጥጃ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ቀጥዬ አባባም ደህና ናቸው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ደብዳቤውን የጀመርኩት ይህንኑ ቃል ላለመጻፍ ስለሆነ ተውኩት።

ያልደወልኩት ስልክ ስይዝ ቃል ስለሚጠፋብኝ ነው። "እሺ" እና "አዎ" ብቻ እንደምል ያውቃሉ። ደግሞም በስልክ የተባለ ነገር ይሄዳል፤ ወረቀት ግን ደግመው ያነቡታል። ድንች ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚመላለሰው አበረ ነገ ስለሚነሳ በእሱ እልከዋለሁ። መንገዱ ካልተዘጋ እሑድ ይደርስዎታል።

ዋናውን አስቀድሜ ልናገር፤ ዙሪያውን ከዞርኩ እዚያው እቀራለሁ። ዶክተር መሳፍንት በየካቲት ደውለው ስለ አባባ የነገሩዎት ልክ አይደለም። ዶክተሩ አልዋሹም፤ ያዩትን ነው የነገሩዎት። ያንን እንዲያዩ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አባባ ይረሳሉ። ብዙ ይረሳሉ። ስለዚህ እባክዎ ስለ መርሳቱ ለመታየት ደብረ ማርቆስ ይዘው የሰረዙትን የሚያዝያ 20 ቀጠሮ መልሰው ያስይዙ። እኔንም አሁን ለትምህርት ብለው ወደ እርስዎ አይውሰዱኝ፤ ከሄድኩ አባባ ብቻቸውን ከመድኃኒታቸው ጋር ይቀራሉ። ምክንያቱን እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

አባባ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጀመሩ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው። አባትዎ ናቸውና ይህን ከእኔ በፊት ያውቁታል። በቤታችን ግን ስሙን የሚጠራው የለም፤ "የማርቆሱ መድኃኒት" ነው የምንለው፣ ደብረ ማርቆስ ሄደን ስለምናመጣው። ሴት አያቴ በዚያው በጀመሩበት ዓመት አረፈች፣ እሳቸው ቆዩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ፣ ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ የምከተላቸው እኔ ነኝ።

በመስከረም ሄደን ሳለ መድኃኒቱን የምትሰጠን ነርስ ሲስተር ያለምወርቅ አንድ ጥናት መጀመሩን ነገረችን። ቫይረሱ በደማቸው ብዙ ዓመት የኖረ፣ ዕድሜያቸውም ስልሳ ያለፈ ሰዎች የማስታወስ ነገራቸው እንዴት እንደሆነ የሚያይ ነው። ዶክተር መሳፍንት ራሳቸው ወንበር ስበው አስረዱን። በዘር የሚወረስ አንድ ነገር አለ፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት እንወስዳለን፤ ሁለቱም የክፉው ዓይነት የሆኑበት ሰው ሲያረጅ የመርሳት በሽታ ሊቀድመው ይችላል፤ ግድ ይይዘዋል ማለት ግን አይደለም አሉ። ቫይረሱ በዚያ ላይ ምን እንደሚጨምር ገና በደንብ አልታወቀም፣ ጥናቱም ለዚሁ ነው አሉ። አባባ አገጫቸውን በመቋሚያቸው ላይ አሳርፈው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ "እኔ ደግሞ ከአባቴ የወረስኩት ሦስት ጥማድ መሬትና ይህን ጉሮሮ ብቻ ይመስለኝ ነበር" አሏቸው። ዶክተሩ ሳቁ። አባባ "መሪጌታ አካለ ወልድ" ብለው ከነማዕረጋቸው ፈረሙና ደም ሰጡ።

ከዚያ ሲስተር ያለምወርቅ ጥያቄ ጠየቀቻቸው። "ዛሬ ለመለማመጃ ያህል ነው የኔታ፣ አይመዘገብም፤ ዋናው በኅዳር ነው" አለች። ቀኑን ጠየቀቻቸው፤ "ማርያም ናት" አሉ፣ ግን ሚካኤል ነበር። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲቆጥሩ ጠየቀቻቸው፤ እሱን እንደ ውሃ ወረዱት፣ የበዓላትን ቀን ሲያሰሉ የኖሩ ሰው አይደሉ? በመጨረሻ አምስት ቃላት ነገረቻቸው፤ ቀንበር፣ ሻማ፣ ድልድይ፣ ሎሚ፣ ሰማያዊ። ስለ ሌላ ሌላ ነገር ስታጫውታቸው ቆየችና "እስኪ ቃላቱን ይንገሩኝ" አለቻቸው።

"የምን ቃላት?" አሉ።

ቃል መነገሩንም አላስታወሱም ነበር።

 ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ፣ "ወደቅሁ አይደል?" አሉኝ። አይመዘገብም ብላለች አልኳቸው። "ድጓውን በቃሉ የሚያስተምር ሰው አምስት ቃል አጥቶ ወደቀ ቢባል ተማሪ ይቀመጥልኛል?" አሉ። ፊታቸውን ለማየት አፈርኩ። እጃቸውን ነው ያየሁት፤ የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልሉታል፣ ይፈቱታል፣ መልሰው ይጠቀልሉታል።

አክስቴ፣ እኔ ተማሪ ቤት አጥር ሥር ነው ያደግሁት። እዚህ ቃል ያልያዘ ተማሪ ሲገጥም የሚደረገው አንድ ነው፤ እስኪይዝ ይነገረዋል። ሰዎች ሲፈተኑ ያየሁት እንዲያልፉ ነው። የሐኪም ፈተና የጎደለው እንዲታይ ብቻ የሚሰጥ መሆኑ ያን ጊዜ አልገባኝም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው መቼም ብዙ ነገር አይገባውም ይበሉኝ።

ቃላቱን እኔ ይዣቸው ነበር። በማግስቱ ተማሪዎቹ እህል ሊለምኑ ሲወጡ፣ ከጓሮ ጎመኑ አጠገብ ተቀምጠን ጀመርን። በተራ ንግግር ስነግራቸው ወዲያው ይጠፋቸዋል። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ቀን ዜማ አደረግሁበት፣ በአራራይ፣ ተማሪዎቹ ሲሉ እንደምሰማው። እርስዎ ዜማ ስል ሰምተውኝ አያውቁም፤ እኔም ራሴን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ፊቴን ወደ ጎመኑ አዙሬ ነው ያልኩት። አባባ ቀና አሉ። ተቀበሉኝ። ከዚያ ደግሞ ያርሙኝ ጀመር፤ "ድልድይ ላይ ምን ያስቸኩልሻል? ወንዝ አልሞላብሽ!" ይሉኛል፤ "ሎሚ ላይ ድምፅሽን አርገብግቢው እንጂ" ይሉኛል። እንዲህ ስንስቅ ስንባባል ኅዳር ደረሰ። የቀኑንም ነገር ዘዴ አበጀሁለት፤ ከሚኒባሱ ስንወርድ "ዛሬ ጊዮርጊስ ነው አባባ" እላቸዋለሁ፣ እስከ በሩ ድረስ እየደገሙት ይገባሉ።

በኅዳር አምስቱንም አሉ። ተመዘገበ።

በየካቲት የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። ሲስተር ያለምወርቅ ወረቀቷን ገና ሳትገልጥ አባባ በዜማ ጀመሩላት። ቀንበር ብለው ሰማያዊ ላይ እስኪያሳርፉ ማንም አላቋረጣቸውም። እኔ መሬቱ ቢከፈትልኝ ብዬ ነበር፤ አሁን ታወቀብን አልኩ። እሷ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ከሦስት ወር በፊት የነገርኳቸውን! ዶክተር፣ ይምጡና ይስሙ!" አለች። ዶክተሩ መጡ፣ ከሚቀጥለው ክፍልም ሁለት ሰዎች መጡ። አባባ ደገሙላቸው። ያን ዕለት የደሙም ውጤት ደርሶ ነበር። ዶክተሩ ወረቀቱን እያዩ፣ "ከእናትም ከአባትም የወረሱት የክፉው ዓይነት ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ከቫይረሱ ጋር ኖረዋል፤ እኚህን ሰው ምን ጠበቃቸው?" አሉ። ምናልባት ከልጅነት ጀምሮ ያጠኑት ዜማ ይሆናል ብለው ጻፉ። እኔ ጥግ ቆሜያለሁ። አፌን ከፈትኩ። ሲስተር "ምን ፈለግሽ እናቴ?" አለችኝ።

"ውሃ" አልኩ።

ከዚያች "ውሃ" በኋላ የመጣው ሁሉ የእኔ ጥፋት ነው። ሌሎች መርሳት የጀመራቸው አረጋውያን መድኃኒታቸውን የሚያስታውሳቸው ሰው ይመዘገብላቸዋል፤ ለአባባ ግን "አያስፈልጋቸውም" ተባለና የስድስት ወር መድኃኒት በእጃቸው ተሰጣቸው። ለእርስዎም ተደወለልዎ። እርስዎ ደስ ብሎዎት ወዲያው ደወሉልኝ፤ "አባቴ ሁለቱንም ይዞ ደህና ከሆነ እኔን ምን ያገኘኛል? ቀጠሮዬን ሰርዤዋለሁ። አንቺም እንግዲህ ነፃ ነሽ፣ ትምህርት ቤት አግኝቼልሻለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ ትመጫለሽ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ውሸት አልጽፍም፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። የእኛ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ይኸው ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ደብተሮቼን አውጥቼ ያልተጻፈባቸውን ገጾች ቆጠርኩ።

ጾሙ ከገባ በሁለተኛው ሳምንት የላኩልኝን ጫማ ልቀበል ሮብ ገበያ ወጣሁ። አውቶቡሱ ስለዘገየ ከመሸ ተመለስኩ። እንደሚያውቁት አባባ ከቁርባን በፊት ምንም ስለማይቀምሱ መድኃኒቱን የሚወስዱት ማታ ነው። ቤት ስገባ መደቡ ላይ ተጠቅልለው ተኝተዋል፤ አስመልሷቸዋል። "መድኃኒቴን አምጪልኝ፣ ዛሬ አልወሰድኩም" አሉኝ። ዕቃውን ገልብጬ ብቆጥር ከትናንቱ አራት ፍሬ ጎድሏል። አንዷን የወሰዱ ጊዜ ጠፋቸው፣ ሌላዋን ወሰዱ፣ እሷም ጠፋቻቸው። አላቆምኳቸውም፣ አልነበርኩማ። በማግስቱ ተማሪዎቹ ዛፉ ሥር ሲጠብቁ ዋሉ፤ የኔታ ብርድ መትቷቸዋል አልኩ።

ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ሊጠይቁ መጡ። አባባ ሦስት ጊዜ "ማን ነሽ?" ሲሏቸው እማሆይ ወደ እኔ ዞረው፣ "አላልኩሽም? አብሾ ነው!" አሉኝ። የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲዘልቀው በልጅነቱ የሚጠጣው ያ ቅጠል ማለታቸው ነው። "አንቺ የዛሬ ልጅ ምን ታውቂያለሽ! ልጅ ሳለ ያነሳዋል፣ ሲያረጅ ያነሳበታል። ጸበሉን አጠጪው፣ ይሄን የግፊት ክኒንም ጣይው፣ ሁለቱ አይስማሙም" አሉ። ክኒኑ የደም ግፊት ይመስላቸዋል። ደግ ሰው ናቸው፣ ሲወጡም ለአባባ የሚጠጣ ተልባ ልከውልናል። እኔ ግን አንድ ነገር ታየኝ። እኔ ባሕር ዳር ከገባሁ አባባን የሚጠብቋቸው እማሆይ ናቸው።

ሁለት ሳምንት በሆዴ ይዤው ቆየሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአባባ ነገርኳቸው፤ ቃላቱን እኔ እንዳስያዝኳቸው፣ ሐኪሞቹ የእሳቸው ትዝታ እንደመሰላቸው፣ ሄጄ ልናገር እንደሆነ። መጀመሪያ አልያዙልኝም፣ ደግሜ ነገርኳቸው። ከዚያ ጠየቁኝ።

"ስንት ቃል ነው ያስያዝሽኝ?"

"አምስት።"

"በስንት ጊዜ?"

"ከመስከረም እስከ ኅዳር።"

ሳቁ። "እኔ አንድ ተማሪ በአምስት ቃል ሁለት ወር ቢቀመጥብኝ አባቱን ጠርቼ፣ ልጅህን ውሰድና እርሻ አስተምረው እለው ነበር። አንቺ እንዴት ታገሥሽኝ?" አሉ። እኔ አለቀስኩ። ጭንቅላቴን በመስቀላቸው ዳሰሱኝ። "ሂጂና ንገሪያቸው። የማላውቀውን ያውቃል ተብሎ እንዳይጻፍብኝ" አሉ። ከዚያ፣ "ተማሪዎቼን ግን ይወስዱብኛል?" አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። በእውነት አላውቅም ነበር።

ሰኞ ይዣቸው ሄድኩ። ለሲስተር ያለምወርቅ የነገርኳት መድኃኒት መስጫው ጋ ሰው እስኪያልቅ ጠብቄ ነው። መናገር አቅቶኝ መጨረሻ ላይ በዜማው አልኩት፤ አምስቱንም ቃላት፣ አባባ እንዳሉት አድርጌ። እሷ ብዕሯን አስቀመጠች። "አንቺ ልጅ!" አለች። ደግማ "አንቺ ልጅ!" አለች። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን እጄን ይዛ ወደ ዶክተሩ ወሰደችኝ። ዶክተር መሳፍንት ሰምተው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "አንድ ተስፋ የሚሰጥ ሰው አግኝቼ ነበር፣ እሱንም ወሰድሽብኝ" አሉ። ቀጥለው ግን በጊዜ መናገሬ ጥሩ እንደሆነ ነገሩኝ።

ሌሎች ቃላት ጠየቋቸው። ከአምስቱ አንዱን አገኙ። አባባ ስላገኟት ስለዚያች አንዷ አመስግነው ተነሱ።

አሁን መድኃኒቱ እኔ ጋ ነው። ሰባት ቤት ያላት ትንሽ ሣጥን ሰጥተውናል፣ ለየቀኑ አንድ። ስሜ አስታዋሽ ተብሎ ተመዝግቧል። ስለ ተማሪዎቹ ዶክተሩ፣ ዜማው ከሌላው ትዝታ ዘግይቶ የሚሄድ ነገር ነው፣ እስካለ ድረስ ያስተምሩ፣ ባያስተምሩ ነው የሚጎዳቸው አሉ። ከሐኪም ቤት የሚወጣ ወሬም የለም። ይህን ስነግራቸው አባባ መንገዱን ሙሉ ሰላም የምትባለውን አንዲት ዜማ እያዜሙ ሄዱ፤ የሚኒባሱ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሰማ።

አሁን ስለ እርስዎ። ይህን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ዶክተሩ ነገሩኝ፤ አባባ የወረሷቸው ሁለቱም የክፉው ዓይነት ስለሆኑ ከልጆቻቸው እያንዳንዱ አንዱን ወስዷል። አንዱ ብቻውን ብዙ ጊዜ ምንም ላያመጣ ይችላል። ግን ታይቶ ቢታወቅ ይሻላል አሉ። እርስዎን ያረጋጋዎት የእኔ ዜማ ስለሆነ ማረጋጊያውን መልሼ መውሰድ ግዴታዬ ነው።

ጫማው ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለተኛውም ደርሶኛል። ሦስተኛውም ባለፈው ሐሙስ ደረሰኝ። ሁሉም ልኬ ናቸው፤ ቀለማቸውም አንድ ነው። ስለ ትምህርት ቤቱም አራት ጊዜ ነግረውኛል፤ ሁልጊዜም እንደ አዲስ ደስ ብሎዎት ስለሚነግሩኝ እኔም እንደ አዲስ ደስ ይለኛል። ባለፈው ረቡዕ ደግሞ ደውለው፣ ስለ ላሚቱ ጠይቀውኝ ስናበቃ፣ "በይ እናትሽን አቅርቢልኝ" አሉኝ።

አጠገቤ የለችም አልኩዎት። ውሸት አልነበረም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያው የድሮው ነገር መሆኑ ገባኝ፤ ለአባባ እንዳደረግሁት ለእርስዎም መልሱን ላመቻች ነበር። ከእንግዲህ ለማንም እንዲህ አላደርግም ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

አክስቴ፣ ለፋሲካ ወደ እኛ ይምጡ። አበረ ሲመለስ መኪናው ባዶ ነው፣ ጋቢና ውስጥ ያስቀምጥዎታል፤ ነግሬዋለሁ። የሚመጡበትን ቀን እዚሁ ደብዳቤ ላይ ከታች ይጻፉትና በር አጠገብ ይስቀሉት። ከበዓሉ በኋላ አይመለሱ፣ እስከ ሚያዝያ 20 ከእኛ ጋር ይቆዩ፤ ከዚያም በኋላ ቢቆዩ ቤቱ አይጠብም። ትምህርቱን አልተውኩትም። የዘጠነኛ ክፍል መጻሕፍትን ካገኙልኝ ይዘውልኝ ይምጡ፣ አባባ ሲያስተምሩ ከአጥሩ ወዲህ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

አባባ ስጽፍ አይተው ለማን ነው አሉኝ። ለእርስዎ ነው ስላቸው ወዲያው አወቁዎት። "እግዚአብሔር ልቡናሽን ያጽናልሽ፣ ዕድሜሽን በጤና ይባርክልሽ፣ ደጄን ስትረግጪ ለማየት ያብቃኝ በያት" ብለዋል። እኔም ከእሳቸው በረከት በታች ሆኜ አሜን እላለሁ፤ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅዎ፣ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ።

ሐኪሙ ክፍል ብቻዎን አይገቡም፤ እኔም አብሬዎ እገባለሁ። ቃላቱን ግን አልነግርዎትም።

የእህትዎ ልጅ